ምዕራፍ 5፦ ድግሱ መቼ ነው?

ጓሮ በጀመርኩበት ዓመት፣ ሰኔ መግቢያ ላይ ሠላሳ የቲማቲም ችግኝ ገዝቼ ተከልኩ። ዝናቡ ገብቷል፣ አፈሩ ርሷል፣ ጀሪካን ተሸክሞ ውኃ ማጠጣት ቀርቷል፤ ከዚህ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣል ብዬ። በምዕራፍ 2 ያሳየኋችሁን አፈር የማዳበር ሥራ አንድም ሳላጎድል ሠርቼ ስለነበር፣ ችግኞቹ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ጉልበቴ ድረስ አድገው ቢጫ አበባ አወጡ። ከዚያ ፀሐይ ሳትታይ ሳምንት ሙሉ ዘነበ። ቅጠሎቹ ላይ ዘይት የነካው ወረቀት የመሰለ ነጠብጣብ ታየ። ነጠብጣቡ ሰፋ፣ ጠቆረ፣ ከቅጠል ወደ ግንድ ወረደ። ነሐሴ ሲገባ ከሠላሳው አንድም የቆመ አልነበረም።

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት በአጥሩ አሻግረው አዩና፣ "ውይ ልጄ! ክረምት እኮ የጎመን ነው" አሉኝ። የሳቸው ጎመን ከአጥሩ ማዶ እንደ ዣንጥላ ተዘርግቷል።

መጽሐፍ ማገላበጥ ጀመርኩ። የመትከያ ወር የሚነግሩ ሠንጠረዦች አላጣሁም፤ ችግሩ አንዱ ከሌላው አለመስማማቱ ነው። አንዱ ጥቅምት ይላል፣ ሌላው ጥር፣ ሦስተኛው ሰኔ። ነገሩ የገባኝ ከዓመት በኋላ እኚሁ እናት ልጃቸውን ሲድሩ ነው። ሠርጉ ጥር 13 ነበር። ገና በኅዳር በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው በጣታቸው ይቆጥራሉ። "ጠላው ጥር 11 መድረስ አለበት። እንግዲህ ድፍድፉ የታኅሣሥ መጨረሻ። ጥንስሱ ከሱ ቀደም ብሎ። ከጥንስሱ በፊት ደግሞ በቅሉ በቅሎ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ..." በርበሬው ያኔ ተደልዞ አልቋል። ቆጠራቸው ከሠርጉ ተነስቶ ወደ ኋላ፣ ወደዚያች ወደተቀመጡባት ቀን ይመጣል።

የኔ ስህተት እዚያ ላይ ነበር። "ዝናብ ገባ፣ ምን ልትከል?" ማለቴ፣ ጠላውን በተመቸኝ ቀን ልጠንስስና ሠርጉ በደረሰበት ይድረስ እንደማለት ነው። ይህ ምዕራፍ ስለ አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ ከድግሱ ተነስቶ ወደ ዘሩ ስለ መቁጠር።

የጭንቅ ሳምንት

በጓሮ ውስጥ ድግሱ የቱ ቀን ነው? የመብላቱ ቀን ነው ማለት ይቀናናል። ነገር ግን እያንዳንዱ አትክልት በዕድሜው ውስጥ ከመብላቱ ቀን ይልቅ የምትወስን አንዲት ጊዜ አለችው። በዚያች ጊዜ የአየሩ ጠባይ ከተስማማው ሌላውን ችግር ይችለዋል፤ ካልተስማማው ግን ከዚያ በፊት የተደረገለት እንክብካቤ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። እኔ "የጭንቅ ሳምንት" እላታለሁ። ስሙ የራሴ ነው፤ የግብርና መጽሐፍ ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም። አንዳንዴም ሳምንት ሳትሆን ወር ናት።

ቤቱ ውስጥ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ላለበት ሰው ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። ልጁ ዓመቱን ሙሉ ያጠናል፣ ይታመማል፣ ይሰንፋል፣ ይበረታል፤ ያ ሁሉ ይቻላል። የፈተናው ሳምንት ሲቃረብ ግን እንግዳ አይጠራም፣ ቴሌቪዥን አይጮኽም፣ ቤት አይቀባም። የቤቱ ዓመት በሙሉ በዚያች ሳምንት ዙሪያ ይደራጃል።

የቲማቲም ፈተና አበባው ላይ ነው። አበባው ወደ ፍሬ እንዲለወጥ ዱቄቱ (ወንዴው ብናኝ) በደንብ መሥራት አለበት፤ ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ ብናኙ ይሰንፋል፣ አበባውም ሳያፈራ ይረግፋል። ይህም አልበቃ ብሎ ቅጠሉ ለብዙ ሰዓታት እርጥብ ሆኖ ሲያድር ያ የሚያጠቁረው በሽታ ይገባል። በሽታው ቲማቲምንና ድንችን እኩል ይፈጃል፤ እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድ ገብቶ የድንች ማሳዎችን አጥፍቶ፣ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው ላለቀበት ረኃብ መነሻ የሆነው እሱ ነው። ስለዚህ የቲማቲም የጭንቅ ሳምንት ሁለት ነገር ትሻለች፤ የማይበርድ ሌሊትና ደረቅ ቅጠል። የኔዎቹ ያበቡት ሐምሌ ላይ ነበር።

የካሮት ፈተና ደግሞ ከልደቱ ነው። ዘሩ ከጤፍ ብዙም አይበልጥም፣ ከአፈሩ ገጽ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ዝቅ ብሎ ይተኛል፣ ለመውጣትም ይዘገያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያቺ ስስ የአፈር ንጣፍ አንድ ቀን ብትደርቅ ዘሩ ይሞታል፤ ከባድ ዝናብ ከመታት ደግሞ ዘሩ ታጥቦ ይሄዳል ወይም አፈሩ እንደ ቂጣ ጠንክሮ ይዘጋበታል። ካሮት አንዴ ከወጣ በኋላ ግን ትዕግሥተኛ ነው።

የቀይ ሽንኩርት ፈተና መጨረሻው ላይ ነው። ኮረቱ (ከአፈር በታች የሚያብጠው ክፍል) ሞልቶ፣ አንገቱ ላልቶ፣ ቅጠሉ ሲወድቅ፣ ደረቅ አየር ካላገኘ አንገቱ አይዘጋም። አንገቱ ያልተዘጋ ሽንኩርት ጓዳ ውስጥ ከወር በላይ አይቆይም፤ ከውስጥ ይበሰብሳል።

ሦስት አትክልት፣ ሦስት የተለያየ ጭንቅ፤ አንዱ በልደት፣ አንዱ በአበባ፣ አንዱ በሽምግልና። "መቼ ልትከል?" ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የሌለው ለዚህ ነው።

የፓኬቱ ጸደይና የእኛ ጸደይ

በምዕራፍ 4 ዘር ስንመርጥ ፓኬቱን ገልብጣችሁ የምርት ዘመኑን እንድታዩ ነግሬያችኋለሁ። እዚያው ጀርባ ላይ የመትከያ ጊዜ ተጽፏል፤ እሱን ግን እለፉት። ከአውሮፓ የመጣ ፓኬት "በጸደይ፣ የመጨረሻው ውርጭ ካለፈ በኋላ" ይላል። ለተጻፈበት አገር ትክክል ነው። እዚያ ዓመቱን የሚከፍለው ብርድ ነው፤ በረዶው ይቀልጣል፣ ቀኑ ይረዝማል፣ ምድር ትሞቃለች። እዚህ ግን ዓመቱን የሚከፍለው ዝናብ ነው። በአዲስ አበባ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ተኩል ያህል፣ አጭሩ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ነው። ለንደን ላይ ግን ረጅሙ ቀን ከ16 ሰዓት በላይ ሆኖ አጭሩ 8 ሰዓት አይሞላም።

የሚያሳስተው ቃሉም ጭምር ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፣ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። (አደይ አበባ አይተን "ጸደይ ገባ" የምንለው ብዙ ነን፤ በዚህ አቆጣጠር ያ ገና ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው።) እንግዲህ አንድ ሰው የፓኬቱን "ጸደይ" ተቀብሎ በሚያዝያ ዘር ቢያፈላ፣ በሰኔ ይተክላል፣ በሐምሌ ያብባል። የኔ ሠላሳ ችግኝ ታሪክ ያው ይደገማል።

ገበሬው ይህን ከጥንት ያውቀዋል። ሽምብራን ተመልከቱ። ውኃ በሚቋጥረው ጥቁር መሬት ላይ ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነው፤ ከክረምቱ የተረፈውን፣ አፈሩ ጠጥቶ ያስቀመጠውን እርጥበት እየመጠጠ፣ ቅጠሉ ሳይረጥብ፣ ሥሩ በውኃ ሳይጥለቀለቅ ያድጋል። ይህ በየትኛውም ፓኬት ጀርባ አይገኝም።

ይህን በውጭ አገር ሆናችሁ የምታነቡ ቆጠራውን ውሰዱ፣ ወሩን ተዉት። በዋሽንግተን አካባቢ ጓሮ ያለው ሰው የሚፈራው ውርጭን ነውና የፓኬቱ ምክር ለእሱ ይሠራል። እስራኤል ላለው ደግሞ ዝናቡ የሚመጣው በብርዱ ወራት፣ ድርቁ በሙቀቱ ወራት ስለሆነ፣ የእኛን አቆጣጠር ይዞ ቢሄድ ግራ ይጋባል።

ሳይሞላ የማይነሳ ታክሲ

ወደ ኋላ ለመቁጠር የቀን ብዛት ያስፈልጋል። ካሮት ተዘርቶ በስንት ቀን ይወጣል? "በሰባት ቀን" የሚል አለ፣ "በሁለት ሳምንት ተኩል" የሚልም አለ። ሁለቱም አልዋሹም።

ሚኒባስ ታክሲን አስቡ። ጠዋት በሥራ ሰዓት በአምስት ደቂቃ ሞልቶ ይነሳል። ረፋዱ ላይ ረዳቱ ጉሮሮው እስኪነቃ እየጮኸ ግማሽ ሰዓት ይቆማል። "ታክሲ በስንት ደቂቃ ይነሳል?" ብትሉት ሹፌሩ ይስቅባችኋል። ሲሞላ ነው የሚነሳው። ተክልም እንዲሁ ነው፤ የሚጠብቀው ቀን ሳይሆን የሙቀት ድምር ነው፣ ቀኑ የሙቀቱ ተከታይ ነው። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1735 በጽሑፍ ያቀረበው በስሙ የሚጠራ ቴርሞሜትር የነበረው ፈረንሳዊው ሬኦሙር ነው፤ የየቀኑን ሙቀት ደምሮ የሰብልን መድረሻ ለመተንበይ ሞከረ። ዛሬም የግብርና ባለሙያዎች በዚሁ መንገድ ይቆጥራሉ።

ካሮትን በቁጥር እንየው። አፈሩ 20 ዲግሪ ሲሆን በ7 ቀን ገደማ ይወጣል፤ 15 ዲግሪ ሲሆን በ10፤ 10 ዲግሪ ሲሆን በ17። አሁን ከእያንዳንዱ ሙቀት ላይ 3 ቀንሱና በቀኑ አባዙት። 17 ጊዜ 7፣ 119። 12 ጊዜ 10፣ 120። 7 ጊዜ 17፣ 119። የካሮት ታክሲ 120 ሰው ገደማ ይጭናል ማለት ነው። የቀነስናት 3 ምንድን ናት? ከሦስት ዲግሪ በታች ያለው ሙቀት ለካሮት ሙቀት አይደለም፤ ፌርማታው ላይ ቆሞ ሌላ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው ነው፣ አይሳፈርም።

ቃሪያ ላይ ይህ ቁጥር ወደ 10 ይወጣል። አፈሩ 25 ዲግሪ ሲሆን የቃሪያ ዘር በ8 ቀን ይበቅላል፤ 20 ሲሆን በ13፤ 15 ሲሆን በ25። አስር ዲግሪ ላይ ጭራሽ አይበቅልም። በአንድ መደብ ላይ፣ በአንድ ሌሊት፣ ካሮት ተሳፋሪ እየሰበሰበ ሳለ የቃሪያው ታክሲ ባዶውን ቆሟል። ብዙ ሰው የቃሪያ ዘር ዘርቶ፣ ሁለት ሳምንት ጠብቆ፣ "ዘሩ የሞተ ነው" ብሎ አፈሩን ይገለብጣል። ዘሩ አልሞተም፤ አልሞላም።

መፍትሔው እጃችን ላይ ነው። ዘርን ብርድ በሆነ አፈር ውስጥ ከማጉላላት በትንሽ ሣጥን አፍልቶ እንጀራ ከሚጋገርበት ክፍል መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ነው። ቡቃያው ብቅ እስኪል ብርሃን አያሳስበውም፤ ብቅ ባለ ማግስት ግን ወደ መስኮት ይሂድ፣ አለበለዚያ እንደ ክር ቀጥኖ ይወድቃል።

ጋቢ የሌለው ሌሊት

ሰው ስለ ብርድ ሲጠየቅ ክረምቱን ይጠራል። በሐምሌ ካፖርት እንለብሳለን፣ በኅዳር ቀን በሸሚዝ እንዞራለን። ተክል ግን ሌሊቱን ነው የሚያየው፤ በደጋና በወይና ደጋ ከባዱ ሌሊት ያለው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው።

ምክንያቱ ደመና ነው። ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትሰዳለች። ደመና ካለ እንደ ጋቢ ሆኖ ይመልስላታል። በሐምሌ ጋቢው ወፍራም ነው፤ ቀኑ ይቀዘቅዛል፣ ሌሊቱ ግን ብዙ አይወርድም። በኅዳር ሰማዩ ይጠራል፣ ከዋክብቱ ይቀራረባሉ፣ ምድርም ጋቢዋን ተገፍፋ ታድራለች። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ጓሮ የወጣ ሰው ልዩነቱን በእግሩ ያውቀዋል። በደብረ ብርሃን፣ በሰንዳፋ፣ በሱሉልታ በኩል በነዚህ ወራት ውርጭ የድንችና የዱባ ቅጠልን በአንድ ሌሊት የፈላ ውኃ የፈሰሰበት ያስመስለዋል።

ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ እንደ ውኃ ይፈሳል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ላይም ይጠራቀማል። ግቢያችሁ ተዳፋት ከሆነ ከታችኛው አጥር ሥር ያለው መደብ ከላይኛው ይልቅ ይጎዳል። አጥሩ ግንብ ከሆነማ ግድብ ሆነበት። እዚያ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ይሁኑ፤ ቲማቲምና ፎሶሊያ ወደ ላይ ይውጡ። ወደ ደቡብ ፊቱን ያዞረ የድንጋይ ግድግዳ ካላችሁ ደግሞ ሀብት አላችሁ። በታኅሣሥ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ ድንጋዩ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፣ ሌሊቱን ቀስ እያለ ይመልሳል። ማዳበሪያ ጆንያ ማታ አልብሶ ጠዋት ማንሳትም ይረዳል። ማንሳቱን እንዳትረሱ። እኔ ረስቼ የቆስጣ ችግኝ በጆንያ ውስጥ አፍኛለሁ።

አንድ ቆጠራ እስከ መጨረሻው

እንግዲህ ቲማቲሙን እንሥራ። ቦታው አዲስ አበባ፣ ከፍታው 2,300 ሜትር ገደማ ያለበት ሰፈር። ለቲማቲም አዲስ አበባ መቼም ደስ የምትል ከተማ አይደለችም፤ ሌሊቷ ሁልጊዜ ወደ ብርድ ያደላል። ከመጥፎዎቹ ወራት የተሻሉትን መምረጥ ነው ያለን። ሌሊቱ ሞቅ የሚለው ከየካቲት ማብቂያ እስከ ግንቦት ነው። በመካከሉ የበልግ ዝናብ አልፎ አልፎ ይወርዳል፣ ግን ቅጠሉ በማግሥቱ ይደርቃል። የቀጠለው ዝናብ የሚገባው ሰኔ ውስጥ ነው። ስለዚህ አበባው ከየካቲት 20 ጀምሮ እንዲወጣ፣ የመጨረሻው ፍሬ ሰኔ 15 ሳይሆን እንዲለቀም እንፈልጋለን። ድግሱ ተቆርጧል።

አሁን ወደ ኋላ። ችግኙ መሬት ከገባ እስከ አበባው አምስት ሳምንት፣ ማለትም 35 ቀን እንስጠው። የካቲት 20 ላይ 35 ስንቀንስ ጥር 15። ይህ የመትከያው ቀን ነው። ችግኙ ሣጥን ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል? ቆላ ላይ አንድ ወር ይበቃዋል፤ እኛ ጋ ግን የታክሲው ፌርማታ በታኅሣሥ ጭር ያለ ነው፣ 50 ቀን እንስጠው። ጥር 15 ላይ 50 ስንቀንስ ኅዳር 25። የዘሩ ቀን።

ልብ በሉ፤ ኅዳር 25 የብርዱ መግቢያ ነው። "በብርድ ቲማቲም ይዘራል እንዴ?" የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ቲማቲሙ ገና በክንዳችን የምናቅፈው ሣጥን ውስጥ ነው፤ ማታ ቤት ይገባል፣ ቀን ይወጣል። በየካቲት ሜዳ ላይ የቆመ፣ ያበበ ተክል አቅፎ ቤት ማስገባት አይቻልም። ክፉውን ወር ተክሉ ተሸካሚ በሚያገኝበት ዕድሜ ላይ ማዋል፣ ደጉን ወር ደግሞ ለጭንቁ መቆጠብ፤ የቆጠራው ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ፊትም እንፈትሸው። የካቲት 20 ያበበው እስኪቀላ ሁለት ወር ያህል ይፈልጋል፤ የመጀመሪያው ቅርጫት ሚያዝያ 20 ገደማ ይሆናል። ከዚያ እስከ ሰኔ አጋማሽ ሁለት ወር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ለቀማ አለ። ሰኔ 15 ላይ አረንጓዴ ሆኖ የቀረ ፍሬ ካለ ሳታዝኑ ቁረጡት፤ ለአጭር ጊዜ በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ጓዳ ብታስቀምጡት ይቀላል።

ድንችም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። በክረምት ያ የሚያጠቁረው በሽታ ስለሚከብድ በርካታ የደጋ ገበሬዎች በበልግና በመስኖ ማምረትን ይመርጣሉ። ድንቹ ግንቦት 30 እንዲቆፈር ከፈለጋችሁና 110 ቀን ከሰጣችሁት፣ የመትከያው ቀን የካቲት 10 ነው። ቁጠሩት።

በሻንጣ የመጣው ሽንኩርት

አንድ ዘመዴ ከሰሜን አውሮፓ ሲመጣ የሽንኩርት ዘር አመጣልኝ። ፓኬቱ ላይ ያለው ሽንኩርት የሕፃን ጭንቅላት ያክላል። በምዕራፍ 4 የነገርኳችሁን ሁሉ አደረግኩ፣ በጊዜው ዘራሁ፣ በጊዜው አዛወርኩ። ቅጠሉ አማረ፣ ረዘመ፣ ወፈረ። ወር፣ ሁለት ወር፣ ስድስት ወር፤ ከሥሩ ምንም የለም። ያን ዓመት የበላነው የሽንኩርት ቅጠል ነው።

ሽንኩርት ኮረቱን መሙላት የሚጀምረው ቀኑ የተወሰነ ርዝመት ሲደርስ ነው። የሰሜን አውሮፓው ዘር ከ14 እስከ 16 ሰዓት የሚረዝም ቀን ይጠብቃል። አዲስ አበባ ላይ ያ ቀን እስከ ዓለም ፍጻሜ አይመጣም፤ ዘሩ እንደ ተቀጠረ ሰው ጥግ ይዞ መጠበቁን ይቀጥላል። እኛ የምናውቃቸው ቀይ ሽንኩርቶች፣ እነ ቦምቤ ቀይና አዳማ ቀይ፣ ለአጭር ቀን የተስማሙ ናቸው። ዘመዴ እስከ ዛሬ "እንዴት ሆነልህ?" ይለኛል፤ ጥሩ ነው እለዋለሁ።

የራሳችን ዘር ግን ይቆጠርለታል። ጭንቁ መድረቁ ላይ ነው ብለናል፤ የካቲት 25 ገደማ፣ የበልጉ ዝናብ ሳይበረታ እንዲነቀል እንፈልጋለን። መሬት ላይ 115 ቀን፣ ችግኝ መደብ ላይ 50 ቀን። ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ማዛወሪያው ጥቅምት 30፣ መዝሪያው መስከረም 10 ላይ ያርፋል። ካሮትም የልደቱን ጭንቅ የሚገላገለው በዚሁ በመስከረም ሰሞን ነው፤ አፈሩ ከክረምቱ ርሶ፣ ዝናቡ ደግሞ ጉልበቱን ቀንሶ። ከዘራችሁ በኋላ መደቡን በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ፣ ከስምንተኛው ቀን ጀምሮ በየማለዳው ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። የመጀመሪያዋ አረንጓዴ ነጥብ የታየች ዕለት ጆንያው ይነሳል።

ከቡሄ ወዲያ ክረምት የለም የሚለውን ብሂል ግን ለጓሮ አልጠቀምበትም። ነሐሴ 13 ካለፈ በኋላ ካሮት ዘርቼ ሁለት ጊዜ በጎርፍ ተወስዶብኛል። ለኔ መስቀል የተሻለ ምልክት ነው።

ይቅር ባዮቹ

ስለ ጎመን፣ ስለ ቆስጣና ስለ ሰላጣ ብዙ አልናገርም። ቅጠላቸው የሚበላ አትክልቶች አበባ ላይ አይፈተኑም፣ ፍሬ አይጠበቅባቸውም፤ ስለዚህ ይቅር ባይ ናቸው። የሐበሻ ጎመን ግንቦትና ሰኔ ላይ ተዘርቶ ሐምሌና ነሐሴን ይመግባል፤ እህሉ ገና ባልደረሰበት፣ ጎተራው በሚራቆትበት ወቅት ስንቱን ቤት ያሻገረ ነው። ቆስጣ ውኃ ካገኘ ዓመቱን ሙሉ ይቆረጣል። ሰላጣ ብቻ አንድ ዐመል አለው፤ ሲሞቀው ወደ ላይ ይመዘዝና ይመራል፣ ስለዚህ በመጋቢትና በሚያዝያ ጥላ ይፈልጋል።

የእነዚህ ችግር መብዛት ነው። ሙሉ ፓኬት ሰላጣ በአንድ ቀን የዘራ ሰው ከሁለት ወር በኋላ ለሰፈሩ ሲያድል ይውላል፤ በሦስተኛው ወር ከገበያ ይገዛል። የወር እንጀራ በአንድ ቀን አይጋገርም። ቆንጠር አድርጋችሁ በየሁለት ሳምንቱ ዝሩ።

ከእንጦጦ እስከ አቃቂ

ከላይ የሰጠኋችሁ ቀኖች የኔ ሰፈር ናቸው። ወደ ላይ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ እየቀነሰ ይሄዳል። እንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አቃቂ ወደ 2,100 ይወርዳል። በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ የአውቶቡስ ትኬት፣ አምስት ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። አምስት ዲግሪ ትንሽ ከመሰላችሁ የቃሪያውን ቁጥር ተመልከቱ፤ ከ20 ወደ 15 ሲወርድ 13 ቀኑ 25 ሆነ። ባቱና መቂ አካባቢ፣ 1,600 ሜትር ላይ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት በመስኖ በበጋ የሚንበሸበሸው ሌሊቱ ስለሚያግዘው ነው። የእነሱን ወር ወደ ሽሮ ሜዳ ማምጣት የሌላ ሰው ጫማ እንደማድረግ ነው።

ስለዚህ ደብተር ያዙ። ብዙ አትጻፉ። ዝናቡ የወጣበት ቀን፣ ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ነገር ያያችሁበት ቀን፣ ዘር የገባበትና ብቅ ያለበት ቀን፣ የመጀመሪያው አበባ። አራት አምስት መስመር በዓመት። ከሦስት ዓመት በኋላ ያ ደብተር ከማንኛውም ሠንጠረዥ፣ ከዚህ መጽሐፍም ጭምር ይበልጥባችኋል። ቁጥሮቹ የእናንተ አጥር፣ የእናንተ ግድግዳ ናቸውና።

በሚቀጥለው ምዕራፍ፣ ጥር 15 መሬት የገባውን ቲማቲም ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ሰፈር እንዴት እንደምናጠጣው እናያለን። ይህን ስጽፍ ኅዳር 27 ነው። ሣጥኑ ከምጣዱ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ እንጀራ ስትጋግር ክዳኑን ከፍቼ አየሁ። እስካሁን አፈር ብቻ ነው። ታክሲው አልሞላም።